አውሬው የማን መንግሥት ነው?

ኪሳችሁ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ካለ አውጡና ተመልከቱት። በአንደኛው ገጽ የአንበሳ ራስ አለ፤ በሌላኛው ሚዛን። ትንቢተ ዳንኤልን ላነበበ ሰው ይህች ትንሽ ሳንቲም ሁለት ምዕራፎችን ታስታውሰዋለች። በምዕራፍ 5 የባቢሎን ንጉሥ በሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ተገኘ። በምዕራፍ 7 ደግሞ የንስር ክንፍ ያለው አንበሳ ከባሕር ወጣ፤ ተርጓሚዎችም ከጥንት ጀምሮ ይህ አንበሳ ባቢሎን ነው ይላሉ። ሳንቲሙን የቀረጹት ሰዎች ዳንኤልን አስበው ነበር ማለቴ አይደለም። ነገሥታት ድሮም አንበሳ ይወዳሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ናቡከደነፆር በባቢሎን የሰልፍ መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ በሚያብረቀርቅ ጡብ በተሠሩ አንበሶች አስጊጦት ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዛሬ በርሊን ከተማ በጴርጋሞን ሙዚየም ይገኛሉ። ሮም በጭፍሮችዋ ፊት የንስር ምስል ታስይዝ ነበር። የእኛም ነገሥታት «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይባሉ ነበር። ዛሬም የመንግሥታትን ማኅተምና ዓርማ ብትመለከቱ ንስርና አንበሳ ይበዛበታል። በግ የመረጠ መንግሥት ስፈልግ ግን ብዙም አልተሳካልኝም።

እንግዲህ አውሬን ከመንግሥት ጋር መጀመሪያ ያገናኙት ነገሥታቱ ራሳቸው ናቸው። ነቢዩ ያደረገው ምልክቱን ከሌላ ወገን ማየት ነው። ምዕራፍ 2ንና ምዕራፍ 7ን ጎን ለጎን አንብቡ። በምዕራፍ 2 ሕልሙን ያየው ንጉሡ ነው፤ መንግሥታቱም ራሱ ወርቅ፣ ደረቱ ብር፣ ሆዱ ናስ፣ እግሩ ብረት የሆነ አስፈሪና የሚያበራ ምስል ሆነው ታዩት። በምዕራፍ 7 ሕልሙን ያየው ምርኮኛው ነው፤ እነዚያው መንግሥታት ጥርስና ጥፍር አወጡ። ከዙፋን ላይ ሲታይ ወርቅ የነበረው ከምርኮ ሰፈር ሲታይ አውሬ ሆነ። ንጉሥ አንበሳውን ከኋላው ቆሞ ያየዋል፤ ምርኮኛ ግን ከፊት ለፊት ነውና የሚያገኘው ጥርሱን ይቆጥራል።

በወጣቶች ጥናት ላይ ዳንኤል 7 ወይም ራእይ 13 በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ ይታወቃል፤ አውሬው ማን ነው? ጥያቄው አይነቀፍም። ዳንኤል ራሱ በዚያ ከቆሙት ወደ አንዱ ቀርቦ የነገሩን እውነት ጠይቋል፤ ስለ አራተኛውም አብልጦ ሊያውቅ ወድዷል። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ አጠገብ ሌላ ላስቀምጥ እፈልጋለሁ፤ ይህኛው ወደ ሕሊና ይጠጋል። አንድን መንግሥት «አውሬው ይህ ነው» ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ለዚያ መንግሥትና በእርሱ ሥር ለሚኖሩ ሰዎች ምን ዕዳ አለበት?

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ የተናገረውን እናስቀድም። በምዕራፍ 8 ላይ ጥርጥር የለም። ባለ ሁለት ቀንዱ አውራ በግ የሜዶንና የፋርስ ነገሥታት እንደ ሆነ፣ ምድርን ሳይነካ ከምዕራብ የመጣው አውራ ፍየልም የግሪክ ንጉሥ እንደ ሆነ ገብርኤል በስም ጠርቶ ነግሮታል። ትልቁ ቀንድ ተሰብሮ በእርሱ ፋንታ አራት ይበቅላሉ። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት ገና በ32 ዓመቱ በባቢሎን ሞተ፤ ግዛቱንም የጦር አለቆቹ ተከፋፈሉት። ከእነርሱ በአንዱ ዙፋን ላይ የተቀመጠው አንጥያኮስ አራተኛ ከልደት በፊት በ167 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ። እዚህ ላይ የእኛ ትርጓሜ አያስፈልግም፤ መልአኩ ተርጉሞ ጨርሷል።

ምዕራፍ 7 ግን እንዲህ አይደለም። አራቱ አራዊት አራት ነገሥታት እንደ ሆኑ ይነገረናል፤ አንዳቸውም ግን በስም አይጠሩም። ስለዚህ ክርክር ተነሣ። በሦስተኛው መቶ ዘመን የክርስትና ተቃዋሚ የነበረው ፈላስፋ ፖርፊሪ አራተኛውን አውሬ ከእስክንድር በኋላ የተነሡት የግሪክ ነገሥታት ናቸው አለ። ጄሮም እ.ኤ.አ. በ407 በጻፈው የዳንኤል ማብራሪያ ተከራከረው፤ አራተኛው ሮም ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ በጄሮም መንገድ ሄዷል። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ምዕራፍ 8 ሜዶንንና ፋርስን በአንድ በግ ላይ ካስቀመጠ፣ በምዕራፍ 7 ሁለቱን በሁለት አውሬ የምንከፍልበት ምክንያት አይታየኝም፤ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ የቆመው ድብ ሁለቱንም ይይዛል። ወንድሞችና እህቶች በዚህ ባይስማሙኝ ግን ቃሉን ካዱ አልልም።

በግዕዝ ተጠብቆ የኖረው ዕዝራ ሱቱኤል የሚባለው መጽሐፍም ከባሕር የሚወጣ ንስር ያሳያል። እኛ ወንጌላውያን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንቆጥረውም፤ ሆኖም ስለ ጥንት አንባቢዎች ብዙ ያስተምራል። በዚያ መጽሐፍ መልአኩ ንስሩ ለዳንኤል የታየው አራተኛው መንግሥት መሆኑን ይገልጥና፣ ለዳንኤል ግን በዚህ መልክ እንዳልተፈታለት ይጨምራል። ኢየሩሳሌም በሮማውያን ከፈረሰች በኋላ የነበሩ አይሁድ የዳንኤልን አውሬ ፊታቸው በቆመው ኃይል ላይ እንዳነበቡት እናያለን። ትንቢት በዘመናት ሁሉ እንዲህ ነው የተነበበው፤ የተጨቆነ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት የረገጠውን እግር ያውቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው መልአኩ ዝም ባለበት ስፍራ እኛ ስንጮህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው የሃል ሊንድሴይ መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አንባቢዎችን አሥሩ ቀንዶች በአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ውስጥ እንደሚፈጸሙ አሳመነ። በ1981 ግሪክ ስትገባ አባል አገሮቹ አሥር ሞሉ፤ ስንት ስብከት ተሰብኮ ይሆን! በ1986 ስፔንና ፖርቱጋል ተጨመሩና አሥራ ሁለት ሆኑ። ዛሬ ሃያ ሰባት ናቸው። ማርቲን ሉተርም ቱርኮች ቪየናን በከበቡበት በ1529 ትንሹ ቀንድ ቱርክ ነው ብሎ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ቃሉን የናቁ አልነበሩም። አሥር የሚባል ቁጥር ሲያዩ አሥር ነገር የፈለጉ፣ ጠላት ሲመጣም ቀንዱን የፈለጉ ናቸው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ቅር የሚያሰኘው ነገር የተባከነ ወረቀት ብቻ በሆነ ነበር።

ሰኔና ሐምሌ 1524ን ግን በወረቀት ብቻ አንለካውም። በጀርመን አገር ቶማስ ሙንትዘር የሚባል ሰባኪ ነበር፤ የተማረ፣ የድሆች ሕመም የሚሰማው፣ በመሳፍንትና በቀሳውስት ግፍ የሚቆጣ ሰው። ሐምሌ 13 ቀን በአልሽቴት ግንብ በሳክሶኒ መስፍን በዮሐንስና በልጁ ፊት ቆሞ ዳንኤል 2ን ሰበከ። የሸክላና የብረቱ እግር የእነርሱ ዘመን መንግሥት እንደ ሆነ፣ ድንጋዩም ሊወድቅ እንደ ቀረበ ነገራቸው። አዲስ ዳንኤል እንደሚያስፈልጋቸውም ነገራቸው፤ ያ ዳንኤል ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። መሳፍንቱ ሰይፋቸውን በኃጢአተኞች ላይ እንዲመዙ አጥብቆ ጠየቀ፤ በእርሱ ዘንድ ክፉዎች የመኖር መብት አልነበራቸውም። መሳፍንቱ እሺ አላሉትም። ስለዚህ ወደ ገበሬዎቹ ዞረ። ግንቦት 15 ቀን 1525 በፍራንከንሃውዘን በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች በመሳፍንቱ ጦር ታረዱ፤ ሙንትዘርም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰይፍ ተቀጣ። ሉተር ደግሞ በዚያው ዓመት መሳፍንቱ ገበሬዎቹን ያለ ምሕረት እንዲመቱ የሚገፋፋ ጽሑፍ አወጣ። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ነበር።

የሙንትዘርን ነገር እያሰብሁ ስቆይ የሚያሳዝነኝ በገበሬው ላይ የነበረውን ግፍ ማየቱ አይደለም፤ ግፉ እውነት ነበር። የሚያሳዝነኝ ዳንኤል ከነገረው ውስጥ አንዲቱን ቃል መዝለሉ ነው። በምዕራፍ 2 ድንጋዩ የተፈነቀለው ያለ ሰው እጅ ነው። ሙንትዘር ድንጋዩን ለመወርወር እጁን ዘረጋ። ከመቶ ሠላሳ ስድስት ዓመታት በኋላም ቶማስ ቬነርና ሃምሳ ያህል ባልንጀሮቹ ከዳንኤል አምስተኛውን መንግሥት አንብበው በጥር 1661 በለንደን ጎዳናዎች ላይ ሰይፍ መዘዙ፤ ኢየሱስን ለማንገሥ ነበር። ከጥቂት ቀናት ግርግር በኋላ የተረፉት መሪዎች ተሰቀሉ፤ ጦሱም ምንም ላላደረጉ ሌሎች ምእመናን ተረፈ፤ ብዙዎች ወደ ወኅኒ ተጋዙ።

ይህን ሲሰማ አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ዝም ማለት ይሻላል» ይላል። እስቲ ዝም ያለውንም ሰው እንየው። ዮሴፈስ በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ነው። በአይሁድ ጦርነት ጊዜ ለሮማውያን እጁን ሰጠ፤ ከጦርነቱም በኋላ ሮም ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ድጎማ እየኖረ መጻሕፍቱን ጻፈ። የዳንኤልን መጽሐፍ ያደንቃል። እስክንድር ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ የዳንኤልን መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ እርሱም የፋርስን መንግሥት የሚያፈርሰው ግሪካዊ እኔ ነኝ ብሎ እንደ ተደሰተ ይተርካል። የታሪክ ሰዎች ይህን ትረካ ይጠራጠሩታል፤ የሰው ጠባይ ግን በደንብ ይታይበታል። ፍየሉ ስለ በጉ መሰበር ሲነበብለት ደስ አለው፤ ስለ ራሱ ቀንድ መሰበር ያነበበለት መኖሩን ትረካው አይናገርም።

ዮሴፈስ ራሱ ደግሞ ምዕራፍ 2ን ሲተርክ ከወርቁ እስከ ብረቱ ይደርስና ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ያቆማል። የእኔ ሥራ ያለፈውን መጻፍ እንጂ የሚመጣውን መናገር አይደለም የሚል ምክንያት ሰጥቶ ያልፈዋል፤ ማወቅ የሚፈልግ መጽሐፉን ራሱ ያንብብ ይላል። ምክንያቱ ጨዋ ይመስላል። ነገር ግን ቤት የሰጠው፣ ድጎማ የቆረጠለት፣ የሮምን ዜግነት ያገኘበት ማን ነበር? ባቢሎንን አንበሳ ማለት አያስከፍለውም፤ ባቢሎን ከወደቀች ስድስት መቶ ዓመት አልፏታል። እግሩ ላይ ድንጋይ የሚወድቅበት መንግሥት ግን እንጀራ ሰጪው ነበር።

እንግዲህ ሙንትዘር በአንድ በኩል፣ ዮሴፈስ በሌላ በኩል ቆመዋል። የአንዱ አውሬ ሁልጊዜ ጠላቱ ነው፤ የሌላው አውሬ ሁልጊዜ የሞተ ነው። ራሳችንን በዚህ ብንፈትሽ አይከፋም። ስለ አውሬው የምትናገሩትን ስትናገሩ ከሚሰሟችሁ ሰዎች መካከል የሚከፋው ሰው አለ? ወይስ ሁሉም «አሜን» ይላል? አውሬው ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ከሆነ፣ ወይም የሌላው ቤተ እምነት ከሆነ፣ ወይም የወደቀው መንግሥት ከሆነ፣ ትርጓሜያችን ከዮሴፈስ ብዙ አልራቀም።

ዳንኤል ግን እንዴት ነበር? ምዕራፍ 4 ላይ ንጉሡ ያየውን ዛፍ ሲነግረው ዳንኤል ወዲያው አልፈታም። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም አለ፤ አሳቡ አስጨነቀው፤ ፊቱ እስኪያስታውቅ ድረስ ታወከ፤ ንጉሡ ራሱ አይዞህ ሊለው ደረሰ። ያ ዛፍ ማን ነው? ኢየሩሳሌምን ያቃጠለ፣ ዳንኤልን በልጅነቱ ከአገሩ የነቀለ፣ ስሙን እንኳ የለወጠበት ንጉሥ ነው። ዳንኤል ይህን ፍርድ ሲያይ «እሰይ!» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን ሕልሙ ለንጉሡ ጠላቶች እንዲሆን ተመኘ። ከዚያም እውነቱን አንዲት ሳያስቀር ነገረው፤ ዛፉ አንተ ነህ አለው። ትርጓሜውን ጨርሶም አልሄደም። ማንም ያልጠየቀውን ምክር ጨመረ፤ ጽድቅን በማድረግና ለድሆች በመራራት ከኃጢአትህ ተመለስ፣ ምናልባት ደኅንነትህ ይረዝም ይሆናል አለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፍርዱ ከሰማይ ተነግሯል፤ ዳንኤል ግን ፍርዱ እንዳይደርስ መንገድ ይፈልጋል። ስለ ትንቢት ከሰማኋቸው ስብከቶች መካከል ትንቢቱ ባይፈጸም ደስ የሚለው ሰባኪ የገጠመኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ጄሮም እንኳ፣ በብዕሩ ኃይለኛ የነበረው ጄሮም፣ ሮምን የብረትና የሸክላ እግር ብሎ ከጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ በ410 ሮም በአላሪክ እጅ ስትወድቅ ቤተ ልሔም ተቀምጦ ዜናውን ሲሰማ አለቀሰ፤ በእጁ የያዘውን የሕዝቅኤል ማብራሪያም መቀጠል አቃተው። እንደምትወድቅ ያውቅ ነበር። ማወቁ እንባውን አላስቀረውም።

ናቡከደነፆርስ ምን ሆነ? የሰው ልብ ተወስዶ የአውሬ ልብ ተሰጠው፤ ጠጕሩ እንደ ንስር ላባ፣ ጥፍሩ እንደ ወፎች ጥፍር ሆነ፤ ሣር በላ። በመጨረሻ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሣ አእምሮው ተመለሰለት። አሁን ምዕራፍ 7 ላይ ያለውን የመጀመሪያውን አውሬ እንደገና ተመልከቱ። የንስር ክንፍ ያለው አንበሳ ክንፉ ተነቀለ፤ እንደ ሰው በሁለት እግር ቆመ፤ የሰውም ልብ ተሰጠው። ብዙዎች በዚህ የናቡከደነፆርን ታሪክ ያያሉ፤ እኔም አያለሁ። በዳንኤል ዘንድ አውሬነት የዘር ጉዳይ አይደለም። ንጉሥ ከእርሱ በላይ ገዢ እንደሌለ ሲያስብ የሚወርድበት ነገር ነው፤ ዓይኑን ቀና ሲያደርግም የሚወጣበት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአማርኛችን «አውሬ» ከባድ ስድብ ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችን ሰው ሰውን፣ ብሔር ብሔርን በጅብና በእባብ ስም ሲጠራ ሰምተናል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናውቃለን። ሰውን አውሬ ያለ ሰው አውሬ ላይ የሚደረገውን ለማድረግ ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። እኛ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ አስደግፈን ይህን ብናደርግ በደላችን እጥፍ ነው። በዳንኤል 7 አውሬ የተባለው ንጉሥና መንግሥት ነው። በአንድም ስፍራ ቋንቋ ወይም ጎሣ አውሬ አልተባለም። ይልቁንም በአውሬዎቹ ሥር የተረገጡት ወገኖች፣ አሕዛብና ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች በቁጥር 14 ላይ የሰው ልጅ ለሚመስለው ሲገዙ እናያቸዋለን። አውሬው ይወድቃል፤ ሕዝቡ ግን ወደ ጌታ ይሰጣል። በሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም እስራኤልን በበግ፣ በዙሪያዋ ያሉትን አሕዛብ በአራዊትና በወፎች መስሎ ረጅም ሕልም ይተርካል፤ በሕልሙ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ተለውጠው ነጭ ወይፈኖች ይሆናሉ። ሄኖክን ለትምህርት መሠረት አናደርገውም፤ የጥንት ሰው እንኳ አራዊቱን ገድሎ አለመጨረሱን ግን ልብ በሉ።

ወደ ዮሐንስ ራእይ እንለፍ። በምዕራፍ 13 ከባሕር የሚወጣው አውሬ ነብር ይመስላል፤ እግሩ የድብ፣ አፉ የአንበሳ ነው። ዳንኤል ያያቸው ሦስቱ ከኋላ ወደ ፊት ተቆጥረው በአንድ አካል ገብተዋል። የዳንኤልን አራዊት ራሶች ብትደምሩ ሰባት ታገኛላችሁ፤ ይህም ሰባት ራስ አለው። በዮሐንስ ዘመን ይህ ሮም እንደ ነበረ የምዕራፍ 17 ሰባት ተራሮች ያሳያሉ። ነገር ግን ዮሐንስ ሁሉንም በአንድ ላይ መስፋቱ የሚነግረን አለ፤ አውሬው በአንድ ዋና ከተማ ብቻ የሚኖር አይደለም። ባቢሎን ስትሞት ቆዳዋን ለሌላ አውርሳለች። በነገራችን ላይ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዙፋኑ ዙሪያ ያሉትን አራቱን «እንስሶች» ብሎ፣ ከባሕር የወጣውን ግን «አውሬ» ብሎ በሚገባ ለይቶልናል።

ከዚያ ሁለተኛው አውሬ ይመጣል፤ እርሱም የበግ የሚመስሉ ሁለት ቀንዶች አሉት፤ እንደ ዘንዶ ግን ይናገራል። ይህን ስናነብ ዓይናችን ወደ ሌላ አገር ይሮጣል። በግ የሚመስል ነገር በብዛት የሚገኘው ግን የት ነው? በእኛው ጉባኤ ነው። ለመጀመሪያው አውሬ ሰዎች እንዲሰግዱ የሚያደርገው በመልኩ ወደ ክርስቶስ የተጠጋ ነገር ነው። ባለ ሥልጣን ሲመጣ ከፊት ወንበር አስቀምጦ ያላሰበውን ቅድስና የሚያለብስ መድረክ ካለ፣ የአውሬውን ቁጥር ከማስላቱ በፊት ቀንዱን ቢዳስስ ይሻለዋል።

ይህ ማለት ግን መንግሥትን ሁሉ ዘንዶ ብለን እንሸሻለን ማለት አይደለም። ጳውሎስ ለሮሜ አማኞች ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ብሎ ሲጽፍ በዙፋኑ ላይ የነበረው ኔሮ ነው። ሮሜ 13ና ራእይ 13 ስለ አንድ ከተማ ተጽፈዋል። ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ መኖር ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ከሁለቱ አንዱን ቀዶ መጣል ግን ቀላል የሚሆነው ለእኛ እንጂ ለጎረቤታችን አይደለም።

የእኛም አገር ይህን አይታለች። ሙሶሊኒ በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ከሮም ሰገነት ላይ ሆኖ የሮም ግዛት ተመልሶ መጣ ብሎ ሲያውጅ ድሉ የተገኘው ኢትዮጵያ ላይ ነበር፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልታችንም ተነቅሎ ወደ ሮም ተጋዘ። በ1937 ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ ጥቂት ደርዘን የተጠመቁ አማኞች ብቻ ነበሩ። ተገርፈዋል፤ ታስረዋል፤ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈርሰዋል። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች አገኙ። እነዚያ ገበሬዎች በቀንድ ቆጠራ አልተራቀቁም። አውሬ ሲነክስ ምን እንደሚደረግ ግን አውቀው ነበር። በደርግ ዘመንም ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ለቀው የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። እርሳቸው የወደቀውን ሥርዓት ብቻ መርጠው የሚነቅፉ አልነበሩም፤ በንጉሡ ዘመን ስለ ገባሩ፣ በደርግ ዘመን ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ በሁለቱም ዘመን ስለ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ጉድለት ተናግረዋል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምንዘልላት ቁጥር ልውሰዳችሁ፤ የምዕራፍ 8 የመጨረሻዋ ናት። ዳንኤል በጉንና ፍየሉን አየ፤ የመንግሥታትን ውድቀት ሰማ። ከዚያ ደከመ፤ አያሌ ቀንም ታመመ። ቀጥሎስ? ተነሥቶ የንጉሡን ሥራ ሠራ። የየትኛው ንጉሥ? የብልጣሶር ነው፤ የዚያ ሊወድቅ የቀረበው የአንበሳው ቤት ንጉሥ። መንግሥቱ አውሬ መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። መዝገብ ገልጦ፣ የሰው ጉዳይ ሰምቶ፣ ማኅተም አትሞ ውሎአል ብዬ አስባለሁ።

ከእናንተ መካከል በቀበሌ፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤት የምትሠሩ አላችሁ፤ በባዕድ አገር በማታምኑበት መንግሥት ሥር ግብር የምትከፍሉም አላችሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ንጹሕ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ዳንኤል ባቢሎን ንጹሕ ናት ብሎ አልነበረም የሠራው። ምዕራፍ 6ም በጊዜ ቅደም ተከተል ከራእዮቹ በኋላ መሆኑን አትርሱ፤ ድቡን በሕልሙ ካየ በኋላ ነው በሜዶኑ በዳርዮስ ዘመን ከሦስቱ አለቆች አንዱ የሆነው። ጠላቶቹ ሥራውን አገላብጠው መረመሩ። ጉቦ ፈለጉ፤ ስንፍና ፈለጉ፤ የጎደለ ሒሳብ ፈለጉ። ስለ አምላኩ ሕግ ካልሆነ በቀር የሚከሱበት ነገር አጡ። ያ የአምላኩ ሕግ ሲነካ ግን መስኮቱን አልዘጋም።

ወደ ጉድጓዱም ተጣለ። ሲያልመው የኖረውን አውሬ በዚያች ሌሊት በአካል አገኘው። የሜዶኑ ንጉሥ በቤተ መንግሥቱ እንቅልፍ አጣ፤ እራት አልበላም፤ የሚያጫውተውም አላስገባም፤ ማልዶም ወደ ጉድጓዱ ሮጠና በሐዘን ድምፅ ተጣራ። ከታች፣ ከአንበሶቹ መካከል መልስ መጣ። ዳንኤል መልአኩ የአንበሶቹን አፍ እንደ ዘጋ ከመናገሩ በፊት፣ ንጹሕ መሆኑንም ከመግለጡ በፊት፣ ላስጣለው ንጉሥ ረጅም ዕድሜ ተመኘ።